ከረዓይት ጉብታ ወደ አስካለ ወንፊት

…እና ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ አይንጋልኝ፣ በቀረችኝ ዕድሜ እምላለሁ፣ ብዙም አልቀረችኝ ግን ለመሐላ ትበቃለች፣ ጉብታው የረዓይት መቃብር ነው፣ መቐለ፣ ከእንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ከበለሱ ማዶ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ አብጦ የተኛው፣ ረዓይት ማለት ቁመታቸው ደመና የሚቧጥጥ፣ ወይፈን በአንድ ጉርሻ የሚውጡ የጥንት ግዙፋን ናቸው፣ አንዳቸው የሞተ ዕለት ሰባት አገር ድንጋይ ተሸክሞ ለቀብር መጣ፣ የመጨረሻው ለቀስተኛ ሲደርስ የመጀመሪያው አርጅቶ ነበር፣ እና ይኸው ዛሬ፣ በጥቅምት ጠራራ፣ ያን የሰባት አገር ድንጋይ አንድ በአንድ የሚያነሳው ግንበኛው ገብረአምላክ ነው፣ ቅንድቡ ድረስ አቧራ ለብሷል፣ አካፋው እጁ ላይ ነው፣ ዓይኑ ግን አካፋው ላይ የለም፣ ዓይኑ ወንፊቱ ጋ ነው።

ወንፊቱ ጋ ሚስቱ አለች።

አስካለማርያም ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ እሱ የሚቆፍረውን አፈር በባልዲ እየተቀበለች ትነፋለች፣ ጠጠሩን ወዲያ፣ የሸክላ ስባሪውን ወዲህ፣ የላመውን አፈር ለብቻ፣ ባልና ሚስት አብረው ሲሠሩ ደስ ይላል ይላሉ የሚሉ ሰዎች፣ እነሱ ምን ያውቃሉ፣ ባል የቀበረውን ሚስት የምትነፋበት ሥራ ከዓለም ላይ የት አለ፣ ቀስ በል ገብረአምላክ፣ ቀስ፣ አፈሩን በቁንጥር አውጣ፣ ምክንያቱም እዚች ጥግ፣ ቁፋሮው የተከለለበት ሁለቱ ሲባጎ ከሚገናኙበት ሥር፣ ክንድ በማይሞላ ጥልቀት፣ የልጁ የሓፍቶም ጫማ አለ፣ ያስቀመጠው እሱ ራሱ ነው፣ አስካለ አታውቅም፣ አስካለ ሓፍቶም መሞቱንም አታውቅም።

አታውቅም። ማወቅም የለባትም። በዕድሜው ከሠራው ግንብ ሁሉ ጦርነቱ ያላፈረሰው ይኸ አንዱ ነው፣ አለማወቋ።

ሮማናት አደባባይ ታክሲ ሲጠብቅ ነው የሰማው፣ ተኩሱ ቆመ በተባለ ሰሞን፣ አንድ በክራንች የሚሄድ ልጅ፣ ፊቱ የሕፃን ዓይኑ የሽማግሌ፣ ኣቦይ የሓፍቶም አባት አይደሉም እንዴ አለው፣ ነኝ፣ ቁርጥ እርስዎን ነው አለ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ገብረአምላክ ዝምታውን ከነትርጉሙ ሰማው፣ አጠገቤ ነበር አለ ልጁ፣ አልተሠቃየም፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት፣ አልተሠቃየም፣ የት ብሎ መጠየቅ ነበረበት፣ በየትኛው ተራራ፣ በየትኛው ዛፍ ሥር፣ አፈር ማን አለበሰው፣ አልጠየቀም፣ ታክሲው መጣ፣ ተሳፈረ፣ ረዳቱ አባት እስቲ ጠጋ በሉ አለው፣ ጠጋ አለ።

ጠጋ አለ፣ ይታያችሁ። ልጁ የሞተበት ሰው ለሌላ ተሳፋሪ ጠጋ ይላል።

እና ያ መርዶ ነው? አይደለም፣ መርዶ ወግ አለው፣ መርዶ በንጋት ነው፣ ሽማግሎች ነጭ ለብሰው፣ ተሰባስበው፣ የምትወድቀዋን የሚይዝ ጎረቤት አስከትለው፣ ደጅ አንኳኩተው፣ ደኅና አደራችሁ ሳይሉ የሚያረዱት ነው፣ በቀትር፣ በመኪና ጥሩምባ መሀል፣ ሲም ካርድ በሚሸጥ ልጅ ጃንጥላ ሥር፣ ለአንድ ሰው ብቻ በጆሮው የሚነገር ነገር ወሬ ቢባል እንጂ መርዶ አይባልም፣ ወሬ ደግሞ ቤት አይገባም፣ ብሎ ፈረደ፣ ከሳሹም እሱ ዳኛውም እሱ፣ ወሬውን ጭቃ እንደነካው ጫማ ደጅ ላይ አውልቆ ገባ፣ እራት ቀረበለት፣ በላ፣ ጨው አንሶታል ብሎ ነገርም ፈልጓል መሰለኝ።

ኋላ የሙታኑ ስም ዝርዝር በየመንደሩ ተይዞ እውነተኛው መርዶ መጣ፣ ከተማው ሁሉ በአንድ ንጋት ያለቀሰ ዕለት፣ ዋይታው ከመክፋቱ የተነሳ ወፎቹ ከመቐለ ወጥተው ሰንበት እስኪያልፍ አልተመለሱም፣ ምያለሁ፣ አልተመለሱም፣ ሽማግሎቹ ወደነሱ መንደር ሲዘልቁ ገብረአምላክ ከበሩ ጀርባ ቆሞ ነበር፣ እጁ መወርወሪያው ላይ፣ አንኳኩ፣ አንኳኩልኝ ኣቦታተይ፣ አባቶቼ፣ ግቡና ከላዬ ላይ አንሡልኝ፣ እግራቸው ደጁ ላይ ዝግ አለ፣ ቆመ፣ አለፈ፣ የልጁ ስም ከዝርዝሩ ላይ እንዴት እንደጠፋ እግዜር ይወቅ፣ የጎረቤት በር ተንኳኳ፣ ጩኸቱ ተከተለ፣ አስካለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አለፉን አለች፣ አለፉን አለ፣ ተመስገን አለች፣ ተመስገን አለ።

ከዚያ ወዲህ የሚኖረው በሷ ተስፋ ነው፣ እሱ የለውም፣ የሱ ሮማናት ቀርቷል፣ ግን በዚያ ቤት አንድ የሚጠብቅ ሰው አለ፣ እሷ አለች፣ አንድ ሰው እስከጠበቀው ድረስ ደግሞ ልጅ ሙሉ በሙሉ አይሞትም፣ ጥግ ጥጉን ይሞታል እንጂ መሀሉ አይሞትም፣ እንዲህ ያለ ሒሳብ ነው የገብረአምላክ ሒሳብ፣ ሌላ ሒሳብ ያለው ይምጣና ያስተምረው።

ጫማው ግን። ጫማው አላስቀምጥ አለው፣ ጥቁር ሸራ ጫማ፣ የቀኙ ሶል አፉን ከፍቶ ከአልጋ ሥር የሚያዛጋ፣ ይኸን ጫማ አሰፋው እንጂ ልጁ ሲመጣ በምን ሊሄድ ነው ትላለች አስካለ፣ ዛሬም ትላለች፣ ነገም ትላለች፣ መርዶው ከመምጣቱ በፊት፣ አንድ የፍልሰታ ቀን ይዞት ወጣ፣ ጫማ ሰፊ ጋ ሳይሆን ወደዚህ፣ ቤተ ክርስቲያን ቢወስደው ቄሱ ይጠይቃሉ፣ ማን ነው፣ መቼ ነው፣ አስከሬኑስ፣ ፍትሐት ስም ይፈልጋል፣ ስም ከተጠራ ደግሞ አስካለ ትሰማለች፣ ጉብታው ግን አይጠይቅም፣ ረዓይት የማንንም ልጅ ስም አይጠይቁም፣ ሰው ሁሉ የቀትር ቅዳሴ ላይ ነበር፣ አስካለም ቅዳሴ ነኝ ብላ ወጥታለች፣ ቆፈረ፣ ጫማውን ጎን ለጎን አስተኛ፣ በላዩ ድንጋይ ገጠመበት፣ ይህ እጅ ደግሞ ክፉ ሥራ አይወድም፣ እያለቀሰም ቢሆን የድንጋዩን ፊት እየፈለገ፣ እየጠረበ፣ ምላጭ እንዳይገባበት አድርጎ፣ አፈር መለሰበት፣ ሄደ። ጫማ ሰፊው ወሰደው አላት። ኋላ ደግሞ ጫማ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ ዓዲግራት እናቱ ጋ ሄደ አላት። ጫማ ሰፊው ተመለሰ? ገና ነው። ዘንድሮስ? ገና ነው አልኩሽ እኮ።

የሷም ጣጣ አለ፣ አይጡ፣ የሓፍቶምን ሰማያዊ ሹራብ አይጥ በላው ብላ አንድ ማለዳ አረዳችው፣ ሙሉውን? ሙሉውን፣ ቁልፉንም? ቁልፉንም፣ ገብረአምላክ ያን አይጥ ለመያዝ ያልሞከረው የለም፣ ወጥመድ፣ መርዝ፣ ድመት፣ ድመቲቱ ኃላፊነቱ ከብዷት ቤት ቀየረች፣ ቀዳዳ የተባለ ሁሉ በሲሚንቶ ደፈነ፣ የሌሊት ወፍ እንኳ መግቢያ አጥታ ተሰደደች፣ ከነቁልፉ ሹራብ የሚውጥ አይጥ ጥጃ ማከል አለበት፣ ባትሪ ይዞ አልጋ ሥር ይንበረከካል፣ እሷ ከላይ ቆማ ታየዋለች፣ አይጡስ ተገኘ? ገና ነው። እንዲህ ነው የሚውሉት፣ እሷ ስለ ጫማ ሰፊው እሱ ስለ አይጡ፣ የወሎ ልጅ ናት፣ በአማርኛ ይጣላሉ፣ በትግርኛ ይታረቃሉ፣ ስለ ሓፍቶም ግን በሁለቱም ዝም ይላሉ።

ከዚያ እነዚህ የጥንት መቃብር አጥኚዎች መጡ። ዶክተር ሔሩይ ከዩኒቨርሲቲው፣ ያዲሳባ ልጅ፣ ባርኔጣው ለሁለት ሰው ጥላ የሚሆን፣ እና ኑላ የምትባል ፀጉረ ቀይ ሴት ካየርላንድ፣ ዕድሜዋን በሙታን ጉብታ ላይ የፈጀች፣ ሠራተኛ እንፈልጋለን ሲሉ ገብረአምላክ ከሁሉ ቀድሞ ተገኘ፣ ያቺን ጥግ ለኔ አለ፣ ሌላ እጅ እንዳይነካት፣ ቤት ሲገባ እኔም ልሠራ ነው አለች አስካለ፣ ምን ልትሠሪ፣ ወንፊት፣ ድንጋይ መልቀም አለ፣ ውሃ ማመላለስ አለ፣ ምነው ወንፊት አላት፣ ወንፊቱን ነው የምፈልገው አለች፣ አፏን እንዲህ ከገጠመች ደግሞ መዶሻና መሮ አይከፍታትም።

ባለፈው ሳምንት ከጉብታው መሀል የሰው አፅም ወጣ፣ ጉልበቱን አጥፎ በጎኑ የተኛ፣ ረዓይት ሊያይ የመጣው ሰው ሁሉ አፈረ፣ ጎይቶምን እንኳ አያክልም፣ ጎይቶም ማለት አጠገቡ የሚቆፍረው ምላሰኛ ነው፣ ከረዓይት ሁሉ አጭሩን አገኘን ማለት ነው አለ ጎይቶም፣ ሦስት ሺህ ዓመት ይሆነዋል አለ ሔሩይ፣ የትንሿ ጣት አጥንት እንኳ አልጠፋችም፣ ኑላ በብሩሽ እንደ ሕፃን ፊት ጠረገችው፣ ገብረአምላክ ቆሞ አየ፣ ቀና፣ በሬሳ መቅናት እንዳለ ያን ቀን ነው ያወቀው፣ ሦስት ሺህ ዓመት የሞተ ሰው ጣቱ ይገኛል፣ የሱ ልጅ የሞተው ትናንት ነው፣ ጥፍሩ የለም።

ዛሬ በሻይ ሰዓት ደግሞ ኑላ የአገሯን ጉብታ በስልኳ አሳየች፣ አቤት ሣር፣ ዓይን የሚያሳምም አረንጓዴ፣ ዙሪያውን ላሞች፣ በሆዱ ውስጥ ከድንጋይ የተሠራ ጠባብ መግቢያ አለው፣ በዓመት አንዴ፣ ቀኑ በሚያጥርበት በቁሩ ወር፣ ፀሐይ ስትወጣ በዚያች ሾልካ ሙታኑን ትጠይቃለች፣ ገበሬው ሲያርስ ዞሮት ያልፋል፣ የነካው ሰው ከቤቱ ሰው ይጎድልበታል ይላሉ አለች፣ ሔሩይ ይህን ተርጉሞ ሳይጨርስ ጎይቶም ቀበል አድርጎ፣ ታዲያ የራሷን ፈርታ የኛን ታስነካናለች እንዴ፣ ከነዚህ ቤት የሚጎድል ምን ቀረ ብላ ይሆናል አለ፣ ሰዉ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ሻይ ብርጭቆው ተመለሰ።

ኑላ ሌላም ነገር ተናገረች፣ ዱሮ ባገሯ ያልተጠመቀ ሕፃን ሲሞት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይቀበርም ነበር፣ አባትየው በትንሽ ሳጥን ይዞት ወደ አሮጌው ጉብታ ይሄዳል፣ ብቻውን፣ ለማንም ሳይናገር፣ አንዲት ድንጋይ ያኖርበታል፣ ስለዚህ እኛ የጥንቱን ስንፈልግ የቅርቡን እናገኛለን አለች፣ ገብረአምላክ የቀረውን ሻይ መሬት ላይ ደፋ፣ ቀና ሲል አስካለ እያየችው ነው፣ ሴትዮዋን አይደለም፣ እሱን፣ ከዚያ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ወደ ወንፊቷ ሄደች።

አሁን። አካፋው ቋ ይላል።

ድንጋዩ። የሱ ድንጋይ። ወይለይ፣ እዚህ እባብ አለ ይላል ጮክ ብሎ፣ አሁን ገባ፣ ክንዴን የሚያህል፣ ይኸን ጥግ ብንተወው፣ ጎይቶም ቀናም አይልም፣ ትናንት ጊንጥ ነበር ኣያ ገብረአምላክ፣ ነገ አንበሳ ይወጣልሃል ይለዋል፣ ኑላ መጣች፣ ሔሩይ ተከተላት፣ ተንበርክካ በብሩሽ ትጠርጋለች፣ መጋጠሚያውን በጥፍሯ ትከተለዋለች፣ ትላለች፣ ሔሩይ ይተረጉማል፣ ይህን የገጠመ ሰው አልቸኮለም፣ እጁ የተባረከ ነው፣ ከመሀሉ መቃብር ጋር እኩያ ሳይሆን አይቀርም ትላለች።

የገብረአምላክ ደረት ይነፋል፣ አስቀያሚ ነገር ነው፣ በዚህ ሰዓት፣ ግን ይነፋል፣ ስንት ዘመን ሙሉ ግንቡን የሚለካበት ቱንቢ ይዞ የመጣ ሁሉ ጠማማ ነው እያለ ሲነቅፈው ኖሮ የመጀመሪያው ምስጋና ይኸ ነው፣ ሦስት ሺህ ዓመት አሳስታም ቢሆን አመስግናዋለች፣ እግዜር ይስጥልኝ ሊል ከንፈሩ ተነቃነቀ፣ ዋጠው፣ ኑላ ግን አልጨረሰችም፣ አንዷን ድንጋይ መታ መታ አድርጋ ሌላ ነገር አለች፣ ሁለት ሰው ነው ትላለች አለ ሔሩይ፣ ይቺን ያስቀመጠው ሌላ እጅ ነው።

ተሳሳተች። አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው፣ ብቻውን፣ በፍልሰታ፣ በቀትር፣ እሱ የማያውቀውን እሷ ልታውቅለት ነው? ግን ዓይኑ ያያል፣ ያቺ ድንጋይ ፊቷን ወደ ውስጥ ጀርባዋን ወደ ውጭ አድርጋለች፣ ገብረአምላክ እንኳን በልጁ መቃብር በሰው ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ ድንጋይ እንዲህ አስቀምጦ አያውቅም፣ ጎርፍ ይሆናል፣ ጎርፍ ይወስዳል እንጂ አይከድንም፣ ቀበሮ ይሆናል፣ ቀበሮ ያወጣውን ድንጋይ መልሶ አያስቀምጥም።

ኑላ ካሜራዋን ልታመጣ ሄደች፣ ሔሩይን ስልክ ጠራው፣ ጎይቶም ጀርባውን ሰጥቷል። ያቺን ድንጋይ ብድግ ያደርጋል።

ሰማያዊ።

መጀመሪያ ፌስታል ይመስለዋል፣ ነፋስ ያመጣው፣ ከዚያ ክሩ ይታያል፣ ከዚያ ቁልፉ፣ ሁሉም ቁልፍ፣ ሹራቡ ነው፣ በሥርዓት ታጥፎ፣ ሁለቱ እጅጌዎች በጫማው ዙሪያ ተጠምጥመው፣ ብርድ እንዳይገባው እንደሚታቀፍ ልጅ፣ አንድ ቀዳዳ የለበትም፣ አንድ የጥርስ ምልክት የለበትም፣ አይጥ የለም፣ አይጥ አልነበረም፣ ያ ሁሉ ሲሚንቶ፣ ያቺ ድመት፣ አልነበረም፣ እሷ ናት፣ በለስ ልትለቅም መጥታ ይሆናል፣ ተከትላው ይሆናል፣ ድንጋዩን አይታ የባሏን እጅ አወቀች፣ የምትኖርበትን ቤት የገጠመውን እጅ እንዴት ታጣዋለች፣ ከፈተች፣ ጫማውን አየች፣ ከዚያስ፣ ከዚያማ ቤቷ ሄዳ ሽንኩርት ከተፈች፣ እሱ ሲገባ ውሃ አቀረበችለት፣ ጫማ ሰፊው ተመለሰ ብላ ጠየቀችው፣ አምላኬ፣ እያወቀች፣ ስለ ጫማ ሰፊው አልነበረም የምትጠይቀው፣ በር ትከፍትለት ነበር፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር በር ትከፍትለት ነበር፣ እሱ ገና ነው እያለ መልሶ ይገጥመዋል፣ ግንበኛ አይደል፣ ያን ንጋት እሱ ከበሩ ጀርባ አንኳኩ ሲል እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ምን ትል ነበር፣ አለፉን ስትል ድምፅዋ እንዴት ነበር፣ ደስታ መስሎት ነበር፣ በሷ ተስፋ ነበር የሚኖረው፣ በዚያ ቤት አንድ የሚጠብቅ ሰው አለ ብሎ፣ እሷም ምናልባት ይኸ ሰውዬ ገና ነው ሲል ገና የሚል ሰው አለ ብላ፣ ብርድ የመታቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን እሳት ነው ብሎ የተጠጋ፣ እና እሳት አልነበረም፣ ይኸን ሁሉ ጊዜ ሓፍቶምን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፣ ማንም፣ አንድም።

ጥላ ወደቀበት። አስካለ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆማለች፣ ባልዲዋን ይዛ። ሰማያዊውን ታያለች። እሱን ታያለች።

አይጡን ገደልከው? ትላለች።

ከሰባት አገር አፈር መሀል ቃል ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣ ከሁሉ ቃል አንዲት ታገኘዋለች።

ጫማ ሰፊው አይመለስም፣ አስካለ።

አውቃለሁ ትላለች፣ እና ትስቃለች፣ ትንሽ፣ በአፍንጫዋ፣ ሙሽራ ሳለች ታደርገው እንደነበረው።

ምን ተገኘ፣ ጋሽ ገብረአምላክ? ይላል ሔሩይ ከማዶ፣ ስልኩን ከጆሮው ሳይነጥል፣ ምንም፣ ባዶ ነው ትለዋለች አስካለ፣ ከዚያ ትንበረከካለች፣ ለካ ባልዲዋ ሙሉ ነው፣ የተነፋ አፈር፣ ከጠዋት ጀምራ ለብቻ ስትሰበስበው የዋለችው፣ አንዲት ጠጠር የሌለበት፣ እንደ ዱቄት የላመ፣ በእጇ እየዘገነች ትመልሰዋለች፣ እጅጌው ጠፋ፣ ቁልፉ ጠፋ፣ የሶሉ ክፍት አፍ አፈር ሞላው፣ ቄስ የለ፣ ዕጣን የለ፣ ስም የጠራ የለ፣ ድንጋዩን እሱ ይመልሳል፣ ያቺን አንዷን ሊያስተካክላት ይገለብጣታል፣ ፊቷን ወደ ውጭ፣ እንደ ወጉ፣ ያያታል፣ መልሶ እንደነበረች ያደርጋታል፣ ጀርባዋን ወደ ውጭ።

ኑላ ካሜራዋን ይዛ እየመጣች ነው። ዛሬ ባይከፈት ነገ ይከፈታል፣ ነገ ባይከፈት ዶዘር አለ፣ ከተማ ያድጋል፣ ድንጋይ የትም አይቀመጥም፣ ሰውም። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ እጃቸውን ታጥበው ባንድ መንገድ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፣ በሩን እሱ ይከፍታል፣ እሷ ትገባለች፣ ውሃ ታቀርባለች፣ ከእንግዲህ ማንም ማንንም ምንም አይጠይቅም።

ይኸው ነው። ረዓይቱም እውነት፣ ወፎቹም እውነት፣ ምያለሁ። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬአለሁ፣ ሳቀች ያልኩትን። አልሳቀችም።